ሚስተር ቢንን ልጆቻችን ይዩት ወይስ አይዩት?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፣ ለኅትመት እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ከኢማም አፍ የሚጠበቅ አይመስልም። ስለ ሚስተር ቢን ነው። አዎ፣ ስለዚያ ቡናማ ኮት ስለሚለብሰው፣ ቀይ ክራባት ስለሚያስረው፣ በሯን በጓጉንቸር በሚቆልፋት ትንሽ አረንጓዴ መኪና ስለሚዞረው እንግሊዛዊ። ይህ ሰው በብዙዎቻችን ቤት ገብቷል። በፊት በቪዲዮ ካሴት ነበር፤ ከዚያ በሲዲና በዲሽ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ገና በቅጡ መናገር ያልጀመረ ሕፃን የእናቱን ስልክ በጣቱ ነክቶ ይከፍተዋል። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አማርኛ የሚናገረውም፣ ኦሮምኛ የሚናገረውም፣ ስልጢኛ የሚናገረውም ልጅ እኩል ይስቅበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በመስጂዱ በር ጠብቀው፣ «ኡስታዝ፣ ልጆቼ ሚስተር ቢን ካልተከፈተላቸው እራት አይበሉም፤ ይህ ነገር ሐራም ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጫማዬን እያደረግሁ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ «ይዝጉት እህቴ፣ ከፈረንጅ ቀልድ ምን ጥቅም ይገኛል?» አልኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ድረስ አንድም ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼ አላውቅም ነበር። የኡሱል ዑለሞች በአንድ ነገር ላይ ፍርድ መስጠት ያን ነገር አጥርቶ ካወቁ በኋላ የሚመጣ መሆኑን አስተምረውናል። ኮሌጅም ስገባ መምህሮቻችን ያላነበብከውን መጽሐፍ አትተች ይሉን ነበር። ሁለቱም ትምህርት ያን ምሽት ከጫማዬ ጋር በር ላይ ቀርቶ ነበር መሰለኝ።

ነገሩ ወደ ራሴ ደጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመስጂዳችን መድረሳ ከሚቀሩት ልጆች መካከል ዕድሜው አሥር ዓመት አካባቢ የሆነ፣ ሲናገር ቃል የሚያዝበት ልጅ አለ። ሲቸኩል ወይም ሲናደድ ቃሉ ይቀርና ድምፅ ብቻ ይወጣል። ልጆቹ «ቢን» ብለው ስም አወጡለት። በር ላይ ሲታይ «ቢን መጣ!» ይባላል። አንዱ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከንፈሩን አጣሞ ከኋላው ይከተለዋል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኛ አስተማሪዎቹ አልሰማንም፤ ወይም ሰምተን የልጆች ጨዋታ ነው ብለን አለፍነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ቀረ። እናቱ መጡ። አልተቆጡም። «ኡስታዝ፣ እኔ ልጄን ያመጣሁት ቁርኣን እንዲቀራ ነው፤ ለመሳቂያ አላመጣሁትም» አሉኝና ዝም አሉ።

ልጆቹን ሰብስቤ ስሙን ማን እንዳወጣው ጠየቅኩ። ሁሉም አቀረቀረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ፤ ወደ እኔ ልጅ። ቤት ስንገባ ያለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «አባ፣ እኔ እኮ አልሰደብኩትም። ሚስተር ቢንን ሁሉም ሰው ይወደዋል።»

ያን ሳምንት ከኢሻእ በኋላ እየተቀመጥኩ ማየት ጀመርኩ። ልጄንም አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ሚስተር ቢን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው። የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን ያህል ዓለምን የሞላ ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ራሱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2007 በፊልም መጣ፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የካርቱን ተከታታይ ወጣለት። ተዋናዩ ሮዋን አትኪንሰን ይባላል፤ የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። «ቢን» ማለት በቋንቋቸው ባቄላ ማለት ነው። ሰውየው በአዋቂ ገላ ውስጥ ያለ ሕፃን ነው፤ የሚፈልገውን ብቻ ያያል፣ ሌላው ሰው አይታየውም። ልጆች የሚወዱትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ራሳቸውን ያዩበታል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስወግድ። ሳቅ በዲናችን ነውር አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች ፊትን ማኮሳተር የተቅዋ ምልክት ያደርጉታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም። አንድ ሰው የሚጫነው ግመል ሲለምናቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል መስሎት ግራ ሲገባው ትልቁም ግመል ቢሆን ግመል የወለደው መሆኑን አስታወሱት። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነውን ትንሹን አቡ ዑመይርን፣ ይጫወትባት ስለነበረች ወፍ ቤት በሚመታ አባባል እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል።

ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ግን የእኛው ሀገር ሰዎች ያሉበት ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) በኩታቸው ጋርደው፣ እሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆመው አሳይዋታል። ዓኢሻም ይህን ስትናገር ጨዋታ የምትወድ ለጋ ልጅ ምን ያህል ማየት እንደምትፈልግ አስቡት ብላ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኔ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬው አንድ ነገር ሳላስተውል ኖሬያለሁ። ሂጂና እይ አላሏትም፤ አብረዋት ቆሙ። እሷ እስክትበቃ ድረስ የደከሙት እሳቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ጥለነው ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ሪሞቱ ሞግዚት ሆኗል።

ሳቅ የተፈቀደ ቢሆንም ወሰን አለው። ሰውን ለማሳቅ ብሎ የሚዋሽ ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቶበታል። በትወና ጉዳይ የዘመናችን ዑለሞች ይለያያሉ፤ ከፊሎቹ ከልክለውታል፣ ሌሎች ደግሞ ተመልካቹ ጨዋታ መሆኑን ስለሚያውቅ ከውሸት አይቆጠርም ብለው በመስፈርት ፈቅደውታል። ስለ ሙዚቃም እንዲሁ ክርክር አለ። ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ ከገባሁ የተሰጠኝ ሰዓት አይበቃኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ወሰን ነው፤ በሰው ላይ መሳለቅ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሰዎች በሰዎች ላይ እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ስምም እንዳይጠራሩ ከልክሏል፤ የተሳቀበት ከሳቂው ሊበልጥ እንደሚችልም አስታውሷል። የእኔ ልጅ ያፈረሰው ይህንኑ አንቀጽ ነው። ያውም በቃሉ ይዞት ነበር።

ታዲያ ይህን ከሚስተር ቢን ተማረው? አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ክፍል በፈተና ይጀምራል። ሰውየው ያጠናው ሌላ፣ የመጣለት ጥያቄ ሌላ። ከጎኑ ካለው ሰው ለመቅዳት የማያደርገው ነገር የለም። በመጨረሻ ፈታኙ ሲናገር ነው ያጠናው ወረቀት እዚያው ፖስታው ውስጥ እንደነበረ የሚያውቀው። ልጄ በጣም ሳቀ። «ኩረጃው ረዳው?» አልኩት። «ኧረ አልረዳውም፣ ፖስታውን ቢያይ ኖሮ!» አለ። ስለ ማጭበርበር በኹጥባ ካልኩት ሁሉ ይህ ይበልጥ የገባው ይመስለኛል።

ቀጥሎ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል። ልብሱን መቀየር ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ የሚያየው ይመስለዋል። ሱሪውን ሳያወልቅ የዋና ቁምጣ ለመልበስ የሚያየው አበሳ ያስቃል። ተሳክቶለት ሲያበቃ ሰውየው ዓይነ ስውር ሆኖ ይገኛል። እኔ እዚህ ላይ ከልጄ በላይ ሳቅኩ፤ ሐያእ ያለው ፈረንጅ ብዬ። ቀጥሎም ሰው ባያየን እንኳ አላህ ሊታፈር የበለጠ የተገባ መሆኑን የሚያስረዳውን፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስ አነሳሁለት።

ሦስተኛው ትዕይንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስብከት ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ከረሜላ ሊበላ ይቸገራል፤ መዝሙሩን አያውቀውም። በጁምዓ ኹጥባ ላይ ከሚያንቀላፉት ወንድሞቻችን ብዙም ስለማይለይ ሚንበር ላይ ለሚቆም ሰው የታወቀ ትርዒት ነው። ነገር ግን ልጄ የክርስቲያኖችን ጸሎት ማሾፊያ አድርጎ እንዳይዘው ማስታወስ ነበረብኝ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሌሎች የሚያመልኩትን መስደብ በሱረቱል አንዓም 108ኛው አንቀጽ ተከልክሏል። እነሱ በራሳቸው ቤት ቢቀልዱ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። የማልቀበላቸው ግን አሉ። በዋና ገንዳ የዋና ልብሱ የሚወልቅበት ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሆቴል ክፍልም እርቃኑን በኮሪደር የሚሮጥበት ነው። እነዚህን ሁለቱን ቤቴ አላስገባም። በ1992 የወጣው የገና በዓል ክፍል ሌላ ነገር አለው፤ የሴት ጓደኛ አለ፣ የቀለበት ጉዳይ አለ፣ የሌላ ሃይማኖት በዓል ነው። ለትልልቆቹ ልጆች ማብራሪያ ሰጥቶ ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ ለትንንሾቹ ግን ምን ትርፍ አለው? ለትንንሾች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በ1994 ከወጡት በአንዱ ቤት ለመቀባት ብሎ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ርችት ይከታል፤ ከመኪናው ጣሪያ ላይ በወንበር ተቀምጦ ይነዳል። በሌላው ሕፃን ልጅ በፊኛ ታስሮ ወደ ሰማይ ይወጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ይህ የካሜራ ሥራ መሆኑን አያውቅም። ሸሪዓችን ልጅ በሰባት ዓመቱ በሶላት እንዲታዘዝ ማድረጉ የመለየት ችሎታ ከዚያ አካባቢ ስለሚጀምር ነው፤ እኔም በቤቴ ለዚህ ድንበር ያደረግኩት ሰባትን ነው። ከሰባት በታች ያለው ብቻውን አያይም፤ ቢያይም የተመረጠውን ነው።

አሁን ወደ ቁስሉ ልመለስ። በ1992 በወጣ አንድ ክፍል ውስጥ በአውቶቡስ ማቆሚያ አንድ ሰው ታሞ ይወድቃል። አምቡላንስ ሲመጣ ሚስተር ቢን የራሱን መኪና ለማስነሳት የአምቡላንሱን ባትሪ ይጠቀማል፤ አምቡላንሱ አልነሳም ብሎ ይቀራል። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ይፈነዳል፤ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም፣ የማይታዩ ሰዎች ሳቅም ከቴሌቪዥኑ አብሮ ይመጣል። ያን ሳቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ አሁን ሳቅ እየተባለ ይታዘዛል። ቴፑን አቆምኩትና፣ «የወደቀው ሰውዬ ምን ሆነ?» አልኩት። አላስታወሰም። መልሰን አየነው።

ሌላም አለ። ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር መኪና አለች። ሚስተር ቢን ይገፋታል፣ ያስወጣታል፣ ትገለበጣለች። ልጆች እሷን ሲያዩ ገና ከመገልበጧ በፊት ይስቃሉ። የመኪናዋን ነጂ ፊት ግን አይቶ የሚያውቅ የለም። ተከታታዩ በሙሉ ፊቱን አያሳየንም። የቀልዱ ምስጢር ይኸው ነው፤ ፊቱን ብናየው፣ ልጆቹን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ አባት መሆኑን ብናውቅ አንስቅም ነበር። ልጄን፣ «በዚያች መኪና ውስጥ ማን ያለ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ ቆይቶ የዚያን ልጅ ስም ጠራ። ስሙን ነው የጠራው፤ «ቢን» አላለም።

ያን ጊዜ ስለ ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ነገርኩት። ቀጭን እግር ነበራቸው። ሲዋክ ለመቁረጥ ዛፍ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ልብሳቸውን ገለጠው፤ ባልደረቦቻቸው እግራቸውን አይተው ሳቁ። እነዚህ እኮ ሰሐቦች ናቸው፤ ሳቅ ያመልጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለምን እንደሳቁ ጠየቋቸውና እነዚያ እግሮች በቂያማ ሚዛን ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ በአላህ ምለው ነገሯቸው። ኢማም አሕመድ ዘግበውታል። ስለ ሙሳም (ዐ.ሰ) ጨመርኩለት። ከምላሳቸው ቋጠሮው እንዲፈታላቸው ጌታቸውን የለመኑ ነቢይ ናቸው፤ በሱረቱ ጣሃ አለ። በነገራችን ላይ ተዋናዩ አትኪንሰን ራሱ የመንተባተብ ችግር እንደነበረበት ተናግሯል። ይህን ስነግረው ልጄ አላመነኝም።

ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ልጄን ይዤ ወደ ልጁ ቤት ሄድን። ይቅርታ ልንጠይቅ ነበር። ሳሎን ስንገባ ልጁ ምን ሲያይ ያገኘነው ይመስላችኋል? ሚስተር ቢንን! ልጄ ደነገጠ፤ እኔም። እናቱ ቡና እያቀረቡ፣ «ኡስታዝ፣ ይህን እንዳይከለክሉብኝ። ቃል ስለሌለው ነው የሚወደው። ከልቡ ሲስቅ የማየው በዚህ ብቻ ነው» አሉኝ። እኔ ለፍርድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ለአንዱ ልጅ መሣሪያ የሆነው ለሌላው ማረፊያ ነበር። አንድ ዓይነት ክፍል፣ አንድ ዓይነት ሳቅ።

ልጄ አንገቱን ደፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ይቅርታውን ተናገረ፤ ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሚስተር ቢን ቴዲ የሚላትን የአሻንጉሊት ድብ ይዞ ብቅ ሲል ልጁ ሳቀ፣ የእኔ ዝም አለ። ልጁ በክርኑ ነካ አደረገውና እየተያዘበት፣ «ለ... ለምን አትስቅም?» አለው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ በበር ላይ ለጠየቁኝ እናት የሰጠሁትን መልስ ዛሬ በዚህ ሬዲዮ አነሳዋለሁ። እያዳመጡኝ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። የዛሬው መልሴ ይህ ነው፤ ኃጢአት አለባቸው ያልኳቸውን ክፍሎች ለይተው ያስቀሩ። ቀሪውን የሶላት ወቅት በማይነካ ሰዓት፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ይዩ። ግማሽ ሰዓት ነው። ስልኩ አንዱን ሲጨርስ ሌላ ያልመረጡትን ራሱ ስለሚከፍት ለብቻቸው አይተዉላቸው። ካርቱኑ ከሰውየው ይልቅ ለትንንሾቹ ይቀላል፤ ግን እሱም ላይ ተንኮል አለ። ሲስቁ ይሳቁ። ሰው ሲጎዳ ከሳቁ ግን አቁመው የተጎዳው ሰው ምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። እራት ግን ሳይከፈትላቸውም ይብሉ፤ ያን በተመለከተ የያኔው አቋሜ አልተለወጠም።

ልጁ ወደ መድረሳ ተመልሷል። ያን ስም አልፎ አልፎ አሁንም የሚጠራው ልጅ አይጠፋም፤ ወላጆቹን እያነጋገርን ነው። አንድ ነገር ግን ሁላችንንም አስገርሞናል፤ ቁርኣን ሲቀራ ምላሱ አይያዝም። ጁዝእ ዐምመን ጨርሶ ተባረክን ጀምሯል። የእኔ ልጅ ከእሱ ሁለት ሱራ ወደ ኋላ ነው፤ ማታ ማታ ደውሎ ይጠይቀዋል።